የቀሩት ሁለት ክኒኖች

ባለፈው ኅዳር መራዊ አካባቢ አክስቴ ቤት ሄጄ የኮአርተም ማሸጊያ ጣሪያው ሥር ተሰክቶ አየሁ። ከስድስቱ ክኒን ሁለቱ አሉ። «ልጁ በሁለተኛው ቀን ተነሥቶ መሯሯጥ ጀመረ፤ የቀረውን ለታናሽየው ብዬ አስቀመጥኩት» አለችኝ።

«ግንዛቤ የላትም» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና ሒሳቧን ላየው ሞከርኩ።

ኮአርተም ሁለት መድኃኒት በአንድ ነው። አርቴሜተር የወባውን ተሕዋስ በፍጥነት ይመታል፤ ትኩሳቱን የሚያበርደው እሱ ነው፤ ቶሎም ከሰውነት ይወጣል። የተረፈውን የሚጠርገው ለቀናት የሚቆየው ሉሜፋንትሪን ነው። ለዚህ ነው በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀን፣ ያውም ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር የሚሰጠው። ልጁ «ዳነ» የምንልበት ሰዓትና በእውነት የሚድንበት ሰዓት ይለያያሉ ማለት ነው። የታናሽየው ትኩሳት ደግሞ ቫይቫክስ፣ ወይም ጭራሽ ወባ ያልሆነ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አክስቴ ለምን ቆጠበች? ጤና ኬላው መድኃኒቱን በነጻ ይሰጣል፤ መንገዱ ግን ነጻ አይደለም። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ልክ በአጨዳ ሰሞን ነው። አንድ ቀን ልጅ አዝሎ መሄድ አንድ ቀን አዝመራ ሜዳ ላይ መተው ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭት አለ፤ መንገዱ ነገ ይከፈት ይዘጋ፣ መድኃኒቱ ይኑር አይኑር በምን ይታወቃል? ነገ ያላስተማመነው ሰው የዛሬውን ያስቀምጣል። ጤፍም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ዋጋውን ግን ሁላችንም እንከፍላለን። ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም አልሠራ ሲል ፋንሲዳር መጣ፤ እሱም ሲከሽፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም ተተካ። አሁን አርቴሚሲኒንን ከመላመድ ጋር የሚያያዝ የዘረመል ለውጥ አገራችን ውስጥም ተገኝቷል። በ2024 እስከ ጥቅምት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በተመዘገቡባት አገር ይህን መድኃኒት ማጣት አንችልም።

ስለዚህ «ክኒኑን ጨርሱ» ማለት ብቻውን አይበቃም። እናትየዋ የመጨረሻዋን ክኒን ያለ ስጋት የምትሰጠው ቀጣዩ እሽግ እንደማይጠፋ ስታምን ነው። ከአጨዳ በፊት ጤና ኬላዎች በቂ ክምችት ይያዙ፤ መድኃኒት የጫነ መኪና በየትኛውም ወገን አይታገድ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም በሦስተኛው ቀን ብቅ ብላ «ስድስተኛዋን ዋጠ?» ብላ እንድትጠይቅ ጊዜና አቅም ይሰጣት።

መድኃኒቱ ይሠራል። እስከ መጨረሻው እንዲዋጥ የማድረግ ሥራ ግን የአክስቴ ብቻ አይደለም።