«አልሞተችም» ማለት «ተመችቷታል» ማለት አይደለም

በአሜሪካና በአውሮፓ፣ በብዙ ቤቶች ሳሎን ውስጥ ባለ የመስታወት ሳጥን፣ አንዲት ትንሽ እንሽላሊት ትኖራለች። ቢጫ ቆዳዋ ላይ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ ስላላት ሊዮፓርድ ጌኮ ይሏታል። የዘሯ አገር ፓኪስታን፣ አፍጋኒስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው፤ ደረቅና ድንጋያማ ምድር። በአሳዳጊዎቿ መካከል ለዓመታት ያልበረደ ክርክር አለ፦ ይህች እንስሳ የአልትራቫዮሌት መብራት ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም?

ከሩቅ ሲያዩት የጥጋበኞች ጭቅጭቅ ይመስላል። ውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። አፍ የሌለው ፍጡር በሰው እጅ ሲወድቅ «ይሄ ይበቃዋል» ብሎ የሚወስነው ማን ነው? በምን ማስረጃ?

«አያስፈልጋትም» የሚሉት ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ጌኮዋ ቀን ተደብቃ ውላ ሲመሽ የምትወጣ ናት። ቫይታሚን ዲ3 እና ካልሲየም ያለበት ዱቄት በምትበላቸው ነፍሳት ላይ ይነሰነስላታል። በዚህ አያያዝ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራብታለች፤ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩም ብዙ ናቸው። ይህ እውነት ነው፤ ሊካድም አይገባም።

የነገሩ ሥር ለሐበሻ ቤት እንግዳ አይደለም። ጨቅላ ሕፃን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው በዚያው ምክንያት ነው። አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል። ያለዚህ ቫይታሚን አንጀት ካልሲየምን በቅጡ አይቀበልም። ጉድለቱ ሕፃን ላይ ሪኬትስ ሆኖ ይታያል። እንሽላሊት ላይ ደግሞ መንጋጋ ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል፣ አጥንት በትንሽ ነገር ይሰበራል።

«ሲመሽ የምትወጣ እንስሳ ጨረሩ ምን ይሠራላታል?» የሚለው ክርክር ግን በጥናት ፊት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በቀን ለአጭር ጊዜ ጨረሩን ያገኙ ሊዮፓርድ ጌኮዎች በደማቸው ያለው የቫይታሚን ዲ መጠን ካላገኙት በልጦ መገኘቱን አሳየ። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናትም ቆዳቸው በጨረሩ ቫይታሚኑን እንደሚሠራ አረጋገጠ። ሰውነቷ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። የተከለከለችው መሥሪያውን ነው።

ዱቄቱስ አይተካውም? ሕይወት ያቆያል። ነገር ግን መጠኑ የተንጠለጠለው በአሳዳጊው እጅ ላይ ነው። ሲረሳ አጥንት ይጎዳል፤ ሲያበዛ ቫይታሚኑ ራሱ መርዝ ይሆናል፣ ካልሲየም በኩላሊትና በደም ሥር ይከማቻል። ቆዳ ግን ልክ ያውቃል፤ ጨረሩ ከበቃው በላይ ሲሆን ትርፉን ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል። ሰው በማንኪያ የሚገምተውን ሰውነት በራሱ ይመዝነዋል።

ይህ ሲባል መብራቱ ምንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ለበረሃ ፀሐይ ሞቂ እንስሳት የተሠራ ኃይለኛ አምፖል ዓይኗንና ቆዳዋን ያቃጥላል። ቀለም አልባ ሆነው የተራቡት ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ብርሃን ይጎዳቸዋል። አምፖሉ ከወራት በኋላ እየበራ ጨረሩ ይደክማል፤ በመስታወት በኩል ከበራም ጨረሩ አያልፍም። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ደካማ መብራት በሳጥኑ አንድ ወገን፣ ጨለማ መደበቂያ በሌላው ወገን ነው። ዱቄቱም በአንዴ አይቋረጥም፤ ዲ3 ያለበት መጠኑ ይቀነሳል። ከዚያ ምርጫው የእሷ ነው። ስትፈልግ ትወጣለች፣ ሲበቃት ትገባለች።

እዚህ ላይ «አያስፈልጋትም» የሚለው ቃል ማንን እንደሚጠቅም ማየት ተገቢ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጌኮዎችን በተደራረቡ የፕላስቲክ መሳቢያዎች ለሚያራባ ነጋዴ መብራት ወጪ ነው። ለእሱ «አልሞተችም» የሚለው ማስረጃ በቂ ነው፤ ተሸጣለችና። በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ በኪኒን የሚኖር ሰውም አልሞተም፤ ፀሐይ አያስፈልገውም የሚል ግን የለም።

እርግጥ መብራት የሌላት ጌኮ ሁሉ ታማሚ አይደለችም፤ ዱቄቱን በጥንቃቄ የሚሰጥ አሳዳጊም ጨካኝ አይባልም። ጥያቄው ግን እንስሳዋ ምን ያህል ጉድለት መቋቋም ትችላለች የሚል መሆን አልነበረበትም። ጌኮዋ አቤት አትልም። ሲከፋት አትጮህም፤ አጥንቷ ሲጎብጥ ብቻ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ደግሞ መሽቷል። ዋጋው የአንድ አምፖል ከሆነ፣ የማስረዳት ሸክሙ መብራቱን በሚሰጠው ላይ ሳይሆን በሚነፍገው ላይ ነው።