ያልበቀለው ዘር ብርድ ይዞት ይሆናል

በየግቢውና በየበረንዳው ጎመንና ሰላጣ መትከል እየተለመደ ሲሄድ፣ ብዙ ሰው ወደ ፈረንጅ ቃሪያም እጁን ዘርግቷል። ጎመኑ በሳምንት ውስጥ ብቅ ብቅ ሲል ቃሪያው ግን ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ድምፁን ያጠፋል። ከዚያ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «የሸጡልን ዘር የሞተ ነው» ይባላል፣ አፈሩ ይገለበጣል፣ በቦታው ሌላ ነገር ይዘራል። ይህ ፍርድ የችኮላ ፍርድ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች ዘሩን ከመክሰሳችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባን ሙቀቱን ነው።

ቃሪያ ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት ምድር ነው። በእኛም አገር ስሙ የገነነባቸው ማረቆና አላባ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያሉና ሞቅ ያሉ ናቸው። የአፈሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የቃሪያ ዘር በ8 ወይም በ9 ቀን ይበቅላል፤ 20 ዲግሪ ላይ 12 ወይም 13 ቀን ይፈጃል፤ 15 ዲግሪ ላይ 25 ቀን ያህል ይቆያል፤ 10 ዲግሪ ላይ ጭራሽ አይበቅልም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እስከ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። ቀን ፀሐይ አለ የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለች አንዲት እፍኝ አፈር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ይዛ አታድርም። ጎመን ይህን ብርድ ስለሚችል ይቀድማል፤ በእሱ ልክ ቃሪያን መለካት ቃሪያን መበደል ነው።

የሚያሳዝነው ጉዳቱ ከብርዱ ይልቅ በትዕግሥት ማጣታችን መባሱ ነው። ብርድ ብቻውን ዘሩን ያዘገየዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም። ዘሩ ሲዘገይ ግን «ውሃ አንሶት ይሆናል» ተብሎ ጠዋትም ማታም ውሃ ይፈስበታል፤ ቀዝቃዛና ጭቃ የሆነ አፈር ውስጥ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ብቅል የምታበቅል እናት ገብሱን ዘፍዝፋ ውሃ ውስጥ አትተወውም፤ ታጠነፍፈዋለች፣ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ሸፍና ታሳድረዋለች። እርጥበት፣ ሙቀትና አየር አንድ ላይ እንዲያገኝ ማድረጓ ነው። ቃሪያም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ገብስ ብርዱን ሲታገሥ ቃሪያ አለመታገሡ ነው።

ስለዚህ ዘሩን ከመዝራት በፊት 10 ፍሬ ቆጥሮ መፈተን ይበጃል። ንጹሕ ጨርቅ ነክሮ፣ ውሃው እስከማይንጠባጠብ ጨምቆ፣ ፍሬዎቹን ሳይነካኩ ደርድሮ መጠቅለል፤ ከዚያም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለው ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ማስቀመጥ ነው። እንጀራ ከተጋገረበት ምጣድ ላይ ግን አይቀመጥ፤ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩ ይጎዳል። ጨርቁን በየዕለቱ ገለጥ አድርጎ ማየት አየርም ይሰጠዋል። ጠፍጣፋው ፈዛዛ ቢጫ ፍሬ መጀመሪያ ያብጣል፤ ቀጥሎ ሾል ባለው ጎኑ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ ሥር ብቅ ትላለች። ያኔ ሥሯ ሳትሰበር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈር ትገባለች። ቡቃያው ራሱን ቀና ካደረገ በኋላ ደግሞ ከሙቀቱ ይልቅ ብርሃን ይናፍቃል፤ ጨለማ ውስጥ ከቆየ ቀጥኖ ይወድቃል።

«ለዚህ ሁሉ ልፋት ችግኝ መግዛት አይቀልም?» የሚል ይኖራል። አራት እግር ብቻ ለሚተክል ሰው በእርግጥ ይቀላል፤ አልከራከርም። ነገር ግን የፈለጉትን ዓይነት በፈለጉት ወቅት ማግኘት የሚቻለው ዘሩን ራስ በማፍላት ነው። «ዘሩ በእውነት የሞተ ቢሆንስ?» ለሚለውም መልሱ እዚያው ጨርቅ ውስጥ አለ። በሞቀ ቦታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆይቶ ከ10 ፍሬ ሁለት እንኳ ካልበቀለ፣ ያኔ ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው። የቃሪያ ዘር ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ጉልበቱ ይደክማልና፣ ከትልቅ ቆርቆሮ እየቀነሱ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ ሰዎች የታሸገበትን ዓመት ጽፈው ሊሰጡ ይገባል። ከገበያ ከተገዛ አረንጓዴ ቃሪያ የወጣ ዘር ደግሞ ፍሬው ሳይበስል የተቀጠፈ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም። የቀላው ይሻላል፤ እናቱ ዲቃላ ዝርያ ከሆነች ግን ልጁ እሷን ላይመስል ይችላል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አዲስ አበባ ሞቅ የምትልበት ጊዜ ነው፤ ማፍላቱን ያኔ ጀምሩ። በኅዳር የዘራችሁም አፈሩን አትገልብጡት። ውሃውን ቀንሱለት፣ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፣ 25 ቀንም ጠብቁት።