የአራስ ጥየቃና ያልተጠየቀው ጥያቄ

በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም በተገላገለች ማግሥት ዘመድ አዝማድና ጎረቤት «አራስ ልንጠይቅ» ብሎ ይሰባሰባል። ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚት ይቀርባል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ይህ ልማድ ለደከመ አካል ምግብና ዕረፍት የሚያስገኝ በመሆኑ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂው ሁሉ ስለ ሕፃኑ መልክ፣ ስለ ጡቷ ወተትና ስለ ምጡ ርዝመት ሲያነሣ «ልብሽስ እንዴት ነው?» የሚል እምብዛም አይሰማም። ደስ ሊላት እንደሚገባ አስቀድሞ ተወስኗልና። የድኅረ ወሊድ ድብርት በብዙ ቤት ሳይታወቅ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከወሊድ በኋላ፣ በተለይም ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙ እናቶች ሆድ ይብሳቸዋል፤ ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ። ይህ በሽታ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ድብርቱ ግን ከዚያ አልፎ ይዘልቃል። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ እንኳ እናቲቱ እንቅልፍ ታጣለች፤ ቀድሞ ያስደስታት የነበረው ነገር ጣዕም ያጣባታል፤ ራሷን እንደ ክፉ እናት ትቆጥራለች። አንዳንዷ ለልጇ ምንም ስሜት አይሰማትም፤ ሌላዋ ደግሞ ትንፋሹ እንዳይቆም እየሰጋች ሌሊቱን ሙሉ ስታዳምጠው ታድራለች። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ ሴቶች መካከል 19.8 በመቶ የሚሆኑት በአእምሮ ጤና ችግር፣ በዋነኛነትም በድብርት ይጠቃሉ። ከአምስት እናቶች አንዷ ማለት ነው።

የሥነ ሕይወት ተማሪ «ይህ የሆርሞን ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። በእርግጥም በእርግዝና ወቅት እጅግ ከፍ ብለው የቆዩት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። ከፕሮጄስትሮን የሚመነጨውና አንጎልን የሚያረጋጋው አሎፕሬግናኖሎን የተባለው ንጥረ ነገርም አብሮ ይቀንሳል። በዚሁ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ዙራኖሎን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ነገር ግን የሆርሞኑ ማሽቆልቆል በወለደች ሴት ሁሉ ላይ ሲደርስ ድብርቱ በሁሉም ላይ አይደርስም። ቀድሞ የነበረ ድብርት፣ ድህነት፣ የባል ዱላ፣ ያልተፈለገ እርግዝና ሚዛኑን ያጋድሉታል። ስለዚህ «ሆርሞን ነው፣ ያልፋል» ብሎ መተው «ሰይጣን ለክፏት ነው» ከማለት እምብዛም አይሻልም።

እንግዲህ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንዴት? እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነው የኤድንብራ መለኪያ እናቲቱ ባለፉት 7 ቀናት ስለተሰማት ስሜት 10 ጥያቄዎችን ያቀርባል። የመጨረሻው ራሷን ስለ መጉዳት አስባ እንደሆነ ይጠይቃል። አዘጋጆቹ የአካል ሕመም ምልክቶችን ሆነ ብለው ትተዋቸዋል፤ ድካም ለማንኛዋም አራስ የተለመደ ነውና። ይኸው መለኪያ በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች ተፈትኖ አጥጋቢ ውጤት ሲያሳይ፣ በቡታጅራ ገጠር ግን ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ የተሻለ የሠራው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ እንቅልፍ ጭምር የሚጠይቀው የዓለም የጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ ነው። በእኔ ግምት ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ብዙ እናቶቻችን ኀዘናቸውን የሚናገሩት «ራሴን ያመኛል፣ እህል አልበላ አለኝ» እያሉ ነው። ጥያቄው መተርጎም ብቻ ሳይሆን ከእናቲቱ አነጋገር መነሣት ይኖርበታል።

ጊዜውም ቦታውም አለ። ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳሉ። ሕፃኑ ሲመዘንና ሲወጋ እናቲቱ ከጎኑ ቆማለች። በእነዚህ ቀናት እርሷም እንድትጠየቅ መደንገግ አለበት እላለሁ።

«አዎ ብትልስ ማን ያክማታል? የአእምሮ ሐኪም በየወረዳው የለም» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሆኖም በፓኪስታን ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት መልስ ይሰጣል። በእርግዝናቸው መጨረሻ ድብርት የተገኘባቸውን 903 እናቶች የጎበኙት ከቤት ቤት የሚዞሩ ሴት የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በአንደኛው ወገን ያሉት ጎብኚዎች የእናቲቱን አስተሳሰብ በንግግር የማቃናት ዘዴ ሠልጥነው ነበር። ከወሊድ 6 ወር በኋላ በእነዚህ ከተጎበኙት እናቶች በድብርት ውስጥ የቀሩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን 53 በመቶ ነበሩ። እኛም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተሰማሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። መድኃኒት ካስፈለገም «ጡት ማስጣል ግድ ነው» የሚለው ፍርሃት ብዙ ጊዜ መሠረት የለውም፤ ለምሳሌ ሰርትራሊን ወደ ወተት የሚያልፈው መጠን አነስተኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮም ክትባትም አይጠብቅም። ከ1,000 ወላዶች በ1 ወይም በ2 ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፣ ከበድ ያለ የአእምሮ መታወክ ይከሠታል። እናቲቱ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ያለ እንቅልፍ ትቅበዘበዛለች፤ ሕፃኑን ትጠራጠራለች። ይህን ያየ፣ እህትም ትሁን ጎረቤት፣ እናቲቱንም ሕፃኑንም ብቻቸውን ሳይተው በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያድርሳቸው።