መሣሪያው ለማን ምን ያስችለዋል?

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት አስገብቶ፣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ሥራው እንደ ቀድሞው ሲጓተት፣ ባለጉዳዩም እንደ ቀድሞው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ በታየ ጊዜ፣ ከኃላፊዎቹ አፍ የሚሰማው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ይኸውም ወይ «መሣሪያው አይረባም»፣ ወይም «ሠራተኛው ለውጥ አይቀበልም» የሚል ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ሌላ መሣሪያ ወደ መግዛት፣ ሁለተኛው ሌላ ሥልጠና ወደ ማዘጋጀት ስለሚመራ፣ ገንዘቡም ጊዜውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ያልቃል። እኔ ግን የአንድ ሥርዓት ጥቅምም ጉዳትም ከመሣሪያው ባሕርይ ብቻ ወይም ከሰውየው ጠባይ ብቻ የማይመነጭ፣ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ የሚወለድ መሆኑን የሚያስረዳ ትምህርት አስቀድሞ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ስለ ዲጂታል አገልግሎት ይህን ያህል በሚነገርበት በአሁኑ ዘመን፣ ይህ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ በግዥ ኮሚቴዎች ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ እሻለሁ።

የትምህርቱ መሥራች ጄምስ ጊብሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ አየር ኃይል የአውሮፕላን ነጂዎችን እይታ ሲመረምር ቆይቶ፣ ኋላም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም.፣ ማለት ባረፈበት ዓመት፣ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕያው ፍጥረት ሁሉ በዙሪያው ያለውን ነገር የሚያስተውለው ቅርጹንና ቀለሙን በመዘርዘር ሳይሆን፣ ነገሩ ለእርሱ የሚያስችለውን ተግባር በማየት መሆኑን አስተማረ። ከጉልበት እኩል ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ለጎልማሳው መቀመጫ ነው፤ ለሕፃኑ ግን ሊወጣበት የሚታገለው ከፍታ ነው እንጂ መቀመጫ አይደለም፤ ነገሩ ሳይለወጥ የሚሰጠው ዕድል እንደ ሰውየው ቁመት ይለወጣል። በዚህ ጽሑፍ ዕድለ ተግባር ብዬ የምጠራው ይህንኑ ነው። ጊብሰን ዕድሉ ለበጎም ለክፉም ሊሆን እንደሚችል አልሸሸገም፤ ሜዳው ያራምዳልና፣ የገደሉ አፋፍም ይጥላልና።

ይህ ዐሳብ በ1988 ዓ.ም. ዶናልድ ኖርማን የተባለው ሊቅ በጻፈው መጽሐፍ አማካይነት ዕቃ ሠሪዎች ዘንድ ደረሰ፤ ከዚያም በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ ስለ ኮምፒዩተር አጠቃቀም የሚመራመሩት ሊቃውንት ተቀበሉት፤ ከእነዚህም ሊን ማርከስና ማርክ ሲልቨር በ2008 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የአንድ ሥርዓት ውጤት ከሥርዓቱ የቴክኒክ ዝርዝር ሊነበብ እንደማይችል፣ የሥርዓቱ ጠባይ ከተገልጋዩ ቡድን ዓላማና ችሎታ ጋር ተያይዞ መታየት እንዳለበት አስረዱ። (እነዚህና ከዚህ በታች ስለ አሜሪካ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኔ ነገሩን ከሁሉ ይልቅ አጕልቶ የሚያሳየው ግን የዚህን ትምህርት ስም ጨርሶ የማያነሣ ጥናት ነው። ስቲቨን ባርሊ የተባለ ተመራማሪ በ1986 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ ጥናት በማሳቹሴትስ ግዛት ስለሚገኙ ሁለት ሆስፒታሎች ይናገራል። ሁለቱም በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት የሲቲ ስካን መሣሪያ ተከሉ። በአንደኛው ሆስፒታል ቴክኒሻኖቹ መሣሪያውን አስቀድመው የሚያውቁ፣ የራጅ ሐኪሞቹ ደግሞ አብዛኞቹ ለመሣሪያው እንግዳ ስለ ነበሩ፣ ጠያቂው ሐኪም፣ መላሹ ቴክኒሻን ሆነ፤ ይህም ከማዕርጋቸው ጋር ስላልተስማማ ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ ከመሣሪያው ክፍል መራቅን መረጡ፤ ቴክኒሻኖቹም የዕለት ሥራቸውን በራሳቸው ፍርድ የሚያካሂዱ ሆኑ። በሁለተኛው ሆስፒታል ግን ዐዋቂው ሐኪሙ፣ ጀማሪው ቴክኒሻኑ ስለ ነበረ፣ አብዛኛው እርምጃ በሐኪሙ ትእዛዝ ይፈጸም ነበር፤ የቀድሞውም የሥልጣን ተዋረድ ከመጀመሪያው ሆስፒታል ይልቅ ጸንቶ ቈየ። ፋብሪካው ሁለት ጊዜ አንድ መሣሪያ ሲሸጥ፣ ሆስፒታሎቹ ሁለት የተለያዩ የሥራ ሥርዓቶችን ተረከቡ። እንግዲህ መሣሪያውን በምርመራ ክፍል ውስጥ ፈትቶ በማየት ይህን ልዩነት ሊተነብይ የሚችል መሐንዲስ ከወዴት ይገኛል?

ከአገራችን ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተቀበሉትንና ተማሪው ሁሉ «ፕላዝማ» እያለ የሚጠራውን የቴሌቪዥን ትምህርት ሳላነሣ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። በደቡብ አፍሪካ የተቀረፀው ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በየክፍሉ ወደ ተሰቀለው ማያ ይደርስ ነበር። በማያው ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪዎቹም እንዲሠሩት ጥቂት ፋታ ይሰጣል፤ ፋታው ሲያልቅ፣ የሠራው ሠርቶ፣ ሌላው ግን ጥያቄውን ገና ወደ ደብተሩ እየገለበጠ ሳለ፣ እርሱ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር፣ ጠመኔውን በእጁ ይዞ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ እያያት፣ የሚሄደውን ትምህርት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሊያቆመው አይችልም፤ ቢያጠፋው ያለፈው አይመለስም፤ መብራት ከጠፋማ የዕለቱ ትምህርት በዚያው ቀረ።

ይህን የምለው የዕቅዱን በጎ ዐሳብ ለመንቀፍ አይደለም። የፊዚክስ መምህርና ቤተ ሙከራ ያልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ሙከራውን ቢያንስ በዐይን ለማየት በቅተዋል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነበር። የነገሩ ምሥጢር ግን እዚህ ላይ ነው፤ ለትምህርት ሚኒስቴር አንዱን ትምህርት በአንድ ሰዓት ለአገሪቱ ሁሉ ለማዳረስ ያስቻለው ጠባይ፣ ይኸውም ስርጭቱ ከአንድ ማዕከል ወጥቶ ያለማቋረጥ መፍሰሱ፣ መምህሩን ማስቆምና መድገም የከለከለው ያው ጠባይ ራሱ ነበር። ለአንዱ ዕድል የሆነው ለሌላው እገዳ ሆነ። መምህሩ «አዲሱን ዘዴ አልተቀበለም» ተብሎ ቢወቀስ ፍርዱ ግፍ ነው፤ ማስተማር ማለት የተማሪውን ፊት አይቶ መመለስና መድገም እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው፣ መመለስና መድገም በማይቻልበት ዘዴ ምን ያድርግ? ትምህርቱ በሳተላይት ከመፍሰስ ይልቅ በየትምህርት ቤቱ ተከማችቶ መምህሩ በፈለገው ሰዓት የሚከፍተውና የሚያቆመው ቢሆን ኖሮ፣ ማያው ያው፣ ትምህርቱም ያው ሆኖ፣ የመምህሩ ማዕርግ ግን ሌላ ይሆን ነበር።

ዕድለ ተግባር መኖሩ ብቻውን ፍሬ አያፈራም። ዳያን ስትሮንግ፣ ኦልጋ ቮልኮፍና ባልደረቦቻቸው በ2014 ዓ.ም. ስለ አንድ የአሜሪካ የሕክምና ድርጅት የኤሌክትሮኒክ የሕሙማን መዝገብ ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሉ ወደ ተግባር የሚለወጠው በብዙ ሰዎች እጅ መሆኑን፣ የአንዱም ክፍል ዕድል በሌላው ክፍል አሠራር ላይ የተመሠረተ መሆኑን አሳይተዋል፤ አንዱ ሐኪም ማስታወሻውን ሁሉም በተስማሙበት አኳኋን ካልመዘገበ፣ ሌላው ሐኪም ሕመምተኛውን በሚመለከትበት ጊዜ መዝገቡን ሙሉ ሆኖ አያገኘውም። ለዚህ በእኛ አገር ሩቅ መሄድ አያሻም። ኃይለ ሥላሴ የሚባል ሰው መዝገቡ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲከፈት አንዱ ጸሓፊ በብዙኃኑ ኀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ ሊጽፈው ይችላል፤ ሥላሴንም አንዱ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ይጽፈዋል፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥማ የአጻጻፉ ብዛት ከዚህ ይብሳል። የቀድሞው መዝገብ ቤት ሠራተኛ በቃል ያውቀው ስለ ነበረ ፋይሉን ከመደርደሪያው ይስበው ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አይፈልግምና «የለም» ይላል። እንግዲህ የፍለጋ ዕድሉ ለፈላጊው የተሰጠው ከዓመታት በፊት በመዘገበው ሰው እጅ ነው፤ ለዚያ ሰው ደግሞ ፊደሎቹን አንድ የሚያደርግ ደንብ ማንም አልሰጠውም። ሥርዓቱን የሠሩት ባለሙያዎች ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሥልት ቢጨምሩበት ኖሮ የባለጉዳዩ ምልልስ በቀረ ነበር፤ ይህን የሚያውቀው ግን መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሠራተኛ ነበረ፤ ግዥው ሲመከር ወደ ጉባኤው ማን ጠራው?

ስለ ክፉው ዕድልም ዝም ማለት አይገባኝም። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል በየመስኮቱ የሚሰማ ሆኗል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ መስመሩ ተቋርጧል፣ ሠራተኛውም ከባለጉዳዩ ጋር አብሮ ይቸገራል። ነገር ግን ቃሉ እውነት በማይሆንበት ጊዜም ሊነገር የሚችል፣ ባለጉዳዩ ሊመረምረው የማይችል፣ ተጠያቂም የሌለው መልስ ነው፤ በቀድሞው ዘመን «ነገ ተመለስ» የሚል ሰው ቢያንስ ፊቱን አስመስክሮ ይል ነበር። አዲሱ ሥርዓት ከሰጣቸው ዕድሎች አንዱ ይህ የመሰወሪያ ዕድል ነው፤ በየትኛውም የሻጭ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም፤ ሥራ ላይ ከዋለ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ይለመዳል።

ይህ ትምህርት ወሰኑ የላላ ነው፣ ማንም የፈለገውን ነገር ዕድለ ተግባር እያለ ሊጠራ ይችላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ነቀፌታቸውም ፍሬ ቢስ አይደለም። ይሁን እንጂ ለመሥሪያ ቤት የሚጠቅመው የስሙ ጥራት ሳይሆን የሚያስነሣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ለማን ምን ያስችለዋል የሚለው ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ካጸደቀ ወዲህ ብዙ አገልግሎት ወደ ማያ ተሻግሯል፤ በ2017 ዓ.ም. የተጀመረውም መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ በስም ላይ የተገኘውን የአንድ ፊደል ስሕተት በዚያው ሰዓት ለማረም ሥልጣን ከሌለው፣ የተሳሳተውን ቁልፍ ቢጫን የሚመልስበት መንገድ ከተዘጋበት፣ ሲሳሳትም እንደ ወንጀለኛ የሚቈጠር ከሆነ፣ ማያው ለእርሱ የሚሰጠው ዕድል ማመልከቻ ተቀብሎ ወደ ሌላ ማስተላለፍ ብቻ ነው፤ ባለጉዳዩም የሚያገኘው ከዚያ አይበልጥም። የማረም ሥልጣን ለሁሉ ከተሰጠ ማጭበርበር ይመጣል የሚል ሰው ቢኖር ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ እርማት ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንዳደረገው የሚመዘግብ ሥርዓት ይኑር፤ ሥልጣኑ ግን አይነፈግ።

የምጠይቀውም ይህ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያ ለሻጩ ከመለቀቁ በፊት፣ በሥርዓቱ በየዕለቱ የሚሠራው ሠራተኛ፣ አለቃው ወይም የሻጩ ባለሙያ በአጠገቡ ሳይቆም፣ የእውነተኛ ባለጉዳይ እውነተኛ መዝገብ ይዞ፣ ስሕተት ያለበትን ጭምር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይፈጽመው፤ ያልተቻለውም ነገር በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ከስድስት ወር በኋላም ያው ሠራተኛ ያንኑ ፈተና ይድገመው፤ በሪፖርትም የሚቀርበው የተገዛው ኮምፒዩተር ቍጥር ሳይሆን ይህ መዝገብ ይሁን። ይህ ግዥውን ያዘገያል የሚሉ ይኖራሉ፤ አዎን፣ ጥቂት ሳምንታት ያዘገየዋል፤ አሁን ግን ያው መዘግየት በባለጉዳዩ ጫንቃ ላይ ተጭኖ ለዓመታት ይቆያል። የግዥ መመሪያ የሚያዘጋጁት ባለ ሥልጣኖች ይህን አንቀጽ እንዲጨምሩበት፣ ፈተናውንም በመጀመሪያ በራሳቸው መሥሪያ ቤት እንዲሞክሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።