«ዝም ብለሽ ጠብቂ» አትበሉን!

የወታደር ሚስት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባሎቻቸው ዘምተው የት እንደደረሱ የማያውቁ ሴቶች ምን እንደሚባሉ ስሰማ ኖሬአለሁ። «ታገሺ።» «ካጮህሽው እሱ ላይ ይብስበታል።» «እመቤቴ ታውቃለች።» እሷማ ታውቃለች! የማታውቀው ሚስቱ ናት።

ባሏ የሞተባት ታለቅሳለች፣ ተስካሩን ታወጣለች፣ እርሟን ታወጣለች። የተማረከባትስ? ተስካር ብታወጣ «በቁሙ ቀበረችው» ትባላለች። ብትጠብቅ ልጆቿ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሏታል። ቢሮ ስትሄድ «ነገ ተመለሺ» ነው። ስንት ነገ?

ይኼ ዛሬ የመጣ ጣጣ አይደለም። በ1969/70ው የሶማሊያ ጦርነት የተማረኩት ወገኖቻችን አገራቸው የገቡት በ1980 ነው። አብራሪው ለገሠ ተፈራ 11 ዓመት ታስሮ ነው የተመለሰው። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በ1990 አስመራ ላይ በሕይወት ተያዘ። በ1993 አልጀርስ ላይ ምርኮኞች ይለቀቁ ተብሎ ተፈረመ። በ1994 ኤርትራ 279 ምርኮኞች ስትለቅ እሱ አልነበረበትም። እስከ ዛሬም አልመጣም!

እኛ ችሮታ አንለምንም። ኢትዮጵያ በ1962 ያፀደቀችው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ ምርኮኛ ካምፕ በገባ በሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡ ካርድ እንዲጽፍ ይፈቀድለት ይላል። በወር ቢያንስ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ ይላል። ውጊያው ሲያበቃ ሳይዘገይ ይለቀቅ ይላል። ይህ ለአገርና አገር ጦርነት ነው። ወንድም ከወንድሙ ሲዋጋ ሕጉ «የጦር ምርኮኛ» አይለውም፤ የተያዘ ሰው በሰብአዊነት ይያዝ ግን ይላል። ለሚስትማ ጭንቀቱ ያው ነው፤ የየትኛውም ወገን ሚስት ትሁን!

«ጩኸት ይጎዳዋል» ለምትሉን ደግሞ፦ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥትም ለምርኮኛ ሚስቶች ዝም በሉ ብሎ ነበር። የባሕር ኃይል አብራሪ ሚስት የሆነችው ሲቢል ስቶክዴል እምቢ አለች። ሚስቶቹን አሰባሰበች፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አገር አቀፍ ማኅበር ሆኑ። የምርኮኛው ጉዳይ የአገር አጀንዳ ሆነ። ባሏም በ1973 በሕይወት ቤቱ ገባ።

ስለዚህ የምንለው ሦስት ነገር ነው። ጠፋ፣ ተማረከ ወይም ሞተ የሚለው በጽሑፍ ይነገረን። ቁርጡ እስኪታወቅ የልጆቹ እንጀራ አይቋረጥ። «ምርኮኛ» የሚለው ቃል ስድብ መሆኑ ይቅር፤ ተዋግቶ የተያዘ ሰው አገሩን አልሸጠም!

እህቶቼ፣ ቢሮ ለቢሮ ለየብቻ አትንከራተቱ። አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ ያፈላልጋል፤ ስሙን አስመዝግቡ።

ሞቶ ከሆነ እናልቅስ። ካለ ድምፁን አሰሙን።

ሼር አድርጉት። ስልክ ለሌላት ጎረቤታችሁም አንብቡላት።