ካንሰሩ ያወራል፣ እኛ ዝም እንላለን

እኛ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቡና ተፈልቶ የማይነሳ ወሬ የለም። የቡናው ዋጋ፣ ኳሱ፣ የጎረቤት ጉድ... ከአቦል እስከ በረካ እናወራለን። ሽንት ቤት ደም ያየ ሰው ግን አፉን ይለጉማል። ጨንቆት ሹክ ቢል እንኳ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ኧረ ኪንታሮት ነው፣ ቅባት ግዛ!» አለቀ፣ ደቀቀ።

እኛ ከዚህች መልስ ጋር ጠብ አለን።

አዎ፣ ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ነው። ግን የትልቁ አንጀት ካንሰርም ይደማል፤ በአገራችን ወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮችም አንዱ ነው። ሳይመረመሩ «ኪንታሮት ነው» ማለት ቁማር ነው።

እኛ ዝም ስንል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንንገራችሁ። ሴሎች በሞለኪውል መልእክት ይላላካሉ፤ «ተባዛ»፣ «በቃ፣ ቁም» ይባባላሉ። ኤፒሲ የተባለው ጂን ፍሬን ነው፤ ቤታ ካቴኒን የሚባለው ፕሮቲን እንዳይከማች ይቆጣጠራል። በአብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ይህ ፍሬን ተበጥሷል፤ ስለዚህ «ተባዛ» የሚለው ትእዛዝ አያባራም። ከ100 ታማሚዎች በ40 ገደማው ደግሞ ኬራስ የተባለው ጂን በርቶ እንደቀረ ማብሪያ ይሆናል። ሴልን ከሴል የሚያጣብቀው ኢ-ካድሄሪን ሲቀንስ ሴሉ ከጎረቤቱ ይላቀቃል። ዕጢው ቪኢጂኤፍ በሚባል መልእክት አዲስ የደም ሥር ወደ ራሱ ይጠራል። የአንጀት ደም ወደ ጉበት ስለሚሄድም ያመለጠው ሴል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው።

«ይሄ የላብራቶሪ ወሬ ለጅማ ሰው ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ይፈይዳል እንጂ! ይህ ሁሉ ብልሽት በአንድ ሌሊት አይደራረብም። ፖሊፕ ከሚባለው ትንሽ እባጭ ተነስቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። እባጩ በኮሎኖስኮፒ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። በአሜሪካ አሃዝ፣ ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት 100 ሰው 90 ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አለ፤ ሩቅ ከተሰራጨ በኋላ ግን 15 ያህሉ ብቻ።

እንግዲህ ይህን 10 ዓመት የምንበላው እኛ ነን። በየስልክ እንጨቱ «ኪንታሮት ያለ ኦፕሬሽን እናድናለን» ብሎ የሚለጥፈው፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ቅባት የሚሸጠው፣ «አንጀት» ብሎ መጻፍ የሚያሳፍረን እኛ ጋዜጠኞችም ጭምር። «ወጣት ነኝ» አትበሉ፤ አሜሪካኖች እንኳ የምርመራ መጀመሪያውን ዕድሜ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ50 ወደ 45 ያወረዱት በሽታው በወጣቶች ላይ እየጨመረ ስለመጣ ነው።

ደም ያየ ሐኪም ጋ ይሂድ። የሚቀጥለው ቡና ሲፈላም ይህቺን ወሬ አንሱልን።

ቸር ያሰማን!