የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

የመመረቂያ ጽሑፍ በሚቀርብበት ወራት አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግመን እንሰማለን፤ ይኸውም «በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ ዛሬ የተደረገ ጥናት የለም» የሚል ነው። እኛም ራሳችን ጽፈነዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥናቱ ጠፍቶ ሳይሆን እኛ በተመዘገበበት ስም ሳንጠራው ቀርተን ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ስለ ጫት ያጠኑ ሰዎች በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ «ኻት»፣ አንዱ «ቃት»፣ ሌላው «ቻት» ይለዋል። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና መረጃ ቋት ገብተን «ቻት» ብለን ብንፈልግ የሚጐርፍልን ስለ ጭውውትና ከሰው ጋር ስለሚያወራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የተጻፈ ነው። ቋቱ ግን ጸሐፊው በማናቸውም ስም ቢጠራው ጫትን የሚመዘግበው «ካታ» በሚል በአንድ የርእስ ቃል ሥር ነው። ይህ የሕክምና የርእስ ቃላት መዝገብ በ1960 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ፤ የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትም የራሱን መዝገብ የጀመረው በ1898 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ነገሩ አዲስ ፈሊጥ አይደለም።

ዘዴውም ቀላል ነው። የሚስማማንን አንድ ጽሑፍ ስናገኝ ወደ ግርጌው ወርደን የተሰጡትን የርእስ ቃላት እንመልከት፤ ከዚያ በእነዚያው ቃላት መልሰን እንፈልግ።

እርግጥ የርእስ ቃል ብቻውን አይበቃም። ገና ትናንት የወጣ ጽሑፍ ቃሉ ላይሰጠው ይችላል፤ መዝገቡም የተዘጋጀው በሌላ አገር ስለ ሆነ የእኛ ነገር ሁሉ አይገኝበትም። ስለዚህ የርእሱን ቃልና የራሳችንን ቃል አጣምረን መያዝ ይገባናል።

ይህ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥራ ነው የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛ አንስማማም። «የለም» ብሎ የሚፈርመው ተማሪው ነው፤ ከእርሱ በፊት የደከመውን ሰው ድካም ከንቱ የሚያደርገውም እርሱው ነው። መምህራኖቻችንም ይህን ቃል ባነበቡ ቁጥር «በምን በምን ቃል ፈለጋችሁ?» ብለው ቢጠይቁን ውለታ ይሆንልናል። ቤተ መጻሕፍቱም የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጀምሩ ተማሪዎች አንድ ሰዓት መድቦ ቢያስተምር ትልቅ ወጪ የለበትም።

ውሃው በደጃችን ይፈሳል፤ መቅጃውን እንያዝ።